ሱቄ ውስጥ የሚሠራ፣ ቤቷ የሚጠፋ ኮምፒውተር

ሥራ የጀመርኩት ቡና በመሸከም ነው። ጅማ ውስጥ አንድ የቡና መቀሸሪያ ገብቼ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ትከሻዬ ገና ጆንያ ሳይለምድ የካቦው ሬድዮ ተበላሸ። ድምፅ አለው፤ ግን ጣቢያ መቀየሪያውን ቢያዞሩት መርፌው ከቦታው አይነቃነቅም። ካቦው፣ ማለትም የተሸካሚዎቹ አለቃ፣ ሬድዮውን በጥፊ እየመታ ይሳደባል።

«ለእኔ ይስጡኝ» አልኩት።

«አንተ ትናንት ከገጠር የመጣኸው?»

«ዛሬ ጠዋት ነው የመጣሁት።»

ሳቀና ሰጠኝ። «ካበላሸኸው ነገ እንዳትመጣ» አለ።

የሬድዮ ሆድ አይቼ አላውቅም ነበር። የጆንያ ክር በምንቆርጥበት ቢላዋ ብሎኑን ፈታሁ። ውስጡ አንድ ቀጭን ክር በትንንሽ መዘውሮች ላይ ተጠምጥሞ መርፌውን ይጎትታል፤ ክሩ ተበጥሷል። የጆንያ መስፊያ ክር ወስጄ ሻማ ቀባሁት፣ ጠመጠምኩት፣ ቋጠርኩት። መርፌው ሄደ። ብቻ መቀየሪያውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት መርፌው ወደ ግራ ነው የሚሄደው።

«ወደ ኋላ ይሄዳል እኮ!» አለ ካቦው።

«ይሄዳል ግን» አልኩት።

ካቦው እስኪሞት ድረስ ያንን ሬድዮ በተገላቢጦሽ እያዞረ ሰማው፤ ለሌላ ሠሪም አልሰጠውም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬን ሲጠይቁኝ ተሸካሚ ነኝ ብዬ አላውቅም።

ማንም አላስተማረኝም። ይህን በኩራት ነው የምጽፈው። ሰው የጣለውን ሬድዮ እየሰበሰብኩ ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ አቃጠልኩ፣ ደግሜ ፈታሁ። ጊንጆ በሚባለው የጅማ ሰፈር ሱቅ ስከፍት ያለኝ አንድ ካቻቪቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ በከሰል የሚግል መበየጃና ለብየዳ የሚቀልጥ ጥቅል ስታኞ ነበር። ቴስተር የገዛሁት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ኤሌክትሪክ መኖሩን የማውቀው በጣቴ ነበር። ዛሬም የቀኝ እጄ አመልካች ጣት ከሙቀት በቀር ሌላ ነገር አይሰማውም።

በሙያችን ማዕረግ አለ። መጀመሪያ አቧራ ጠራጊ ነህ። ቀጥሎ ፈቺ ትሆናለህ፣ ከዚያ በያጅ። መጨረሻ ላይ ቴስተሩን ነክቶ «ችግሩ እዚህ ጋ ነው» የሚል ሰው ትሆናለህ። እኔ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው የሆንኩት፤ በሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

ከጅማ እስከ ሸቤ እኔ ያልከፈትኩት ሬድዮ ካለ፣ ተበላሽቶ የማያውቅ ሬድዮ ነው። ከሬድዮ ወደ ቴፕ፣ ከቴፕ ወደ ባለ ትልቅ ጀርባው ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ወደ ዲሽና ሪሲቨር፣ ከዚያም እንደ ትሪ ወደቀጠነው ስክሪን ተሻገርኩ። አንዱም አላስቆመኝም። ሰዉ «ኢንጂነር አወል» ይለኛል፤ አስተባብዬ አላውቅም።

አንድ ደንብ አለኝ። ከደንበኛ ዕቃ ውስጥ ያወጣሁትን የተቃጠለ ነገር በፌስታል ቋጥሬ ከተጠገነው ጋር እመልሳለሁ። ሰውየው የተበላሸውን በዓይኑ ያያል፤ ምን ቀየርክ ብሎ አይጠረጥረኝም። ወጣት ሠሪዎች ይህን ትተውታል። መተው አልነበረባቸውም።

በዚህ ሁሉ ዘመን ግራ ያጋባኝ አንድ ዕቃ ብቻ ነው። እሱም በኪስ ይገባል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ባጃጅ ቆመ። መምህርት መሠረት ቴሌቪዥን አቅፋ ወረደች። መሠረት የደሴ ልጅ ናት፤ ጅማ ለኮሌጅ መጥታ እዚሁ ቀረች። ሸቤ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ሰኞ ሄዳ ዓርብ ትመለሳለች፤ ቅዳሜና እሑድን የምታሳልፈው እዚሁ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር በተከራየችው ክፍል ነው። ዓይኗ ከልጅነቷ ደካማ ነው። መነጽሯ ወፍራም ነው፤ እንዲያም ሆኖ የሱቄን ታፔላ ለማንበብ አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ተጠጋች።

«ጋሽ አወል፣ ኮምፒውተሬ እየጠፋ አስቸገረኝ» አለች።

«ኮምፒውተሩ የታለ?»

ከቦርሳዋ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ከማስቲካ ፓኮ እምብዛም የማይበልጥ ጥቁር ዕቃ ነው።

«ይሄ ፍላሽ ነው» አልኳት።

«አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ ይሰካል። ወንድሜ ነው ከአዲስ አበባ የላከልኝ።»

«ገብቶኛል» አልኳት። አልገባኝም ነበር።

ቀጥላ ትንሽ ኪቦርድ አወጣች። ሽቦ የላትም። አሃ፣ ኮምፒውተሩ ያለው እዚህች ኪቦርድ ውስጥ ነው፣ ጥቁሩ ዕቃ መቀበያ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሪሞትና ሪሲቨር አውቃለሁና።

«ላፕቶፕ አይሆነኝም፤ ፊደሉ አይታየኝም» አለች። «ይሄን ግን ቴሌቪዥን ላይ ስሰካው ፊደሉን ጡጫ አሳክዬ አነባለሁ። ትምህርቱን እቤት አዘጋጅቼ በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሸቤ ክፍል ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ላይ እሰካለሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ራሴ ማንበብ አልችልም። ልጆቹም ያውቃሉ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ይሠራል።»

«ሰኞ ርእሰ መምህሩ ክፍሌ ገብቶ ያያል። ከዚህ በፊት እሱ ባለበት ትምህርቱ መሀል ላይ ጠፍቶብኛል። እንደገና ከጠፋ ከክፍል ያወጣኝና ዕቃ ግምጃ ቤት ይመድበኛል። ‹እዚያ ብዙ ማንበብ የለም› ነው ያለኝ።»

ይህን ያለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ባጃጅ ነጂው ሰምቶ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ከዐሥር ሰዓት በኋላ ተመለሺ» አልኳት።

መጀመሪያ ኪቦርዷን ከፈትኩ። ባትሪና አንድ ስስ ቦርድ ብቻ ነው ያላት። ኮምፒውተር የሚመስል ነገር የለም። መልሼ ዘጋኋት። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ፤ ፓወር ቦርዱ ላይ አንድ ኮንደንሰር እንደ ጉንጭ አብጧል። ነቅዬ አዲስ በየድኩ። ከዚያ ጥቁሩን ዕቃ ከጀርባው ሰካሁ። ስክሪኑ በራ፣ ፊደሉ ወጣ። ሻይ ጠጣሁ፤ አለ። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰግጄ ተመለስኩ፤ አለ። ስትመጣም አለ።

«ተሠርቷል» ብዬ ያበጠውን ኮንደንሰር በፌስታል ሰጠኋት።

«ሲያጠፋው የነበረው ይሄ ነው?»

«እሱ ነው።»

እሑድ ጠዋት ያው ባጃጅ መጣ። ነጂው ገና ሳይቆም መሳቅ ጀመረ። «ኢንጂነር፣ ቴሌቪዥኑ ናፍቀውት ነው የመጣው!»

መሠረት አልሳቀችም። «ማታ ጥቂት ሠርቶ ጠፋ። ራሱ በራ፤ ደግሞ ጠፋ።»

ሰካሁት። ሠራ። ተቀምጠን ጠበቅነው። አይጠፋም። ነጂውም ባጃጁን አጥፍቶ ገብቶ ጠበቀ።

«እቤት ይጠፋል፣ ሸቤ ይጠፋል፣ እዚህ አይጠፋም» አለች መሠረት።

«የበቾ ቦሬ መብራት ነው» አልኩ።

«ሸቤስ?»

«የሸቤም መብራት ነው።»

«የጊንጆ መብራት ከየት ነው የሚመጣው?» አለ ነጂው። ባጃጅህን ጠብቅ አልኩት።

እዚህ ላይ ስለዚህ ዕቃ ልንገራችሁ። የበሽታው ምልክት የለውም። ማራገቢያ የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ሲሠራ የምትበራ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብቻ አለችው። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ዝም ነው። ወደሱ የሚገባውን ኤሌክትሪክ በቴስተር ለካሁ፤ ትክክል ነው። ሬድዮ ሲበላሽ ይንኮሻኮሻል፣ ቴሌቪዥን ሲበላሽ ምስሉን ያዝረከርካል፤ ይሄ ግን ወይ ሙሉ በሙሉ ይሠራል ወይ የለም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ» አልኳት። «ቴሌቪዥኑ ያለ ኮምፒውተሩ ቴሌቪዥን ነው። ኮምፒውተሩ ያለ ቴሌቪዥኑ ምንድን ነው?»

«ያኔም ኮምፒውተር ነው።»

«ማን አየው?»

መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «ጋሽ አወል፣ ካልገባዎት ይንገሩኝ፤ አልቀየምም። ሌላ ሰው ልፈልግ።»

«ጅማ ውስጥ ሌላ ሰው የለም» አልኳት። ከኩራት ያልኩት ነው፤ ግን እውነትም ነበር። እሑድ ስለሆነ ሌሎቹ ሁሉ ዘግተዋል።

ከፍ ዝቅ የሚል መብራት የሚያስተካክለውን ስታቢላይዘሬን በባጃጅ ጭኜ አብሬያት ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ የአከራይዋ የአዴ ዘሀራ ነው፤ የሚቀመጠውም በእሷ ሳሎን ነው። አዴ ዘሀራ እኩያዬ ናት፤ ዳንቴል ትሠራለች። በቤቷ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም። ሶፋው ለብሷል፣ ጠረጴዛው ለብሷል፣ ሬድዮው ለብሷል። ቴሌቪዥኑ ገና ቦታው ላይ ከመቀመጡ እሷም አለበሰችው። የፊቱን ከፍ አድርጋ አጠፈችው፤ የኋላው እስከ ታች ወረደ።

ስታቢላይዘሩን ገጠምኩ። መሠረት ኪቦርዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ትምህርቷን ማዘጋጀት ጀመረች። ሠራ። አየሽ ልላት አፌን ስከፍት ስክሪኑ ጠቆረ። በራ። ደግሞ ጠቆረ።

ሶኬት ቀየርኩ። ዲቫይደር ቀየርኩ። ገመድ ቀየርኩ። እየበራ ይጠፋል። ሱቄ ውስጥ ጤነኛ የነበረ ዕቃ ነው፤ በዚያው ቴሌቪዥን፣ በዚያው ገመድ። ቤቱን ጠልቶ ካልሆነ ሌላ ምክንያት አልታየኝም። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ።

«ማል ታቴ፣ ኢንጂነር? ምን ሆንክ? ዝም አልክ» አለች አዴ ዘሀራ።

«እያሰብኩ ነው።»

«ስታስብ ዓይንህ ይጨፈናል እንዴ?»

ሄዳ እኔ የረበሽኩትን ዳንቴል ከኋላ ማስተካከል ጀመረች። ወዲያው እጇን አራገፈች። «ኧረ ይሄ ነገር ዛሬም ይፋጃል!»

«ምኑ?»

«ይሄ ቁራጩ። ዳንቴሉን ሳነሳ ሁልጊዜ ነው። ክረምት እጄን አሞቅበታለሁ፣ ወላሂ።»

ተነስቼ ጣቴን አስነካሁት። ጣቴ ከሙቀት በቀር ሌላ አይሰማውም ብያለሁ፤ ይህን በደንብ ሰማው። ዳንቴሉን ከጀርባው ገፈፍኩ። ዕቃው እስኪበርድ ጠበቅን፤ እንደገና አበራነው። እኔና አዴ ዘሀራ የአስርን ሶላት ሰገድን፤ አልጠፋም። መሠረት ሥራዋን ጨረሰች፤ አልጠፋም።

ሙቀቱን ያገኘችው አዴ ዘሀራ ናት። ምን ማለት እንደሆነ ያወቅኩት ግን እኔ ነኝ፤ ይህ ይታወቅልኝ። ሱቄ ውስጥ ቴሌቪዥን ራቁቱን ነው የሚቆመው፤ ጀርባው ወደ በሩ ነው፤ ከመንገዱ ንፋስ ይገባል። ዕቃው እዚያ ለምን ይጥፋ?

«የእኔ ዳንቴል ነው ኮምፒውተር የሚገድለው?» አለች አዴ ዘሀራ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«አልሞተም።»

«ታዲያ ቴሌቪዥኑ በሰው ፊት ራቁቱን ይቁም?»

«ጀርባው ብቻ።»

አሰበችበት። «ጀርባውን ማን ያየዋል» አለችና ዳንቴሉን ሰብስባ በፊት በኩል አሰረችው።

መሠረት ግን አልተደሰተችም። «ሸቤ ዳንቴል የለም» አለች። «ሸቤ ቴሌቪዥኑ ብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ይቆለፋል።»

ሰኞ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ተገናኘን። ከአሮጌ አምፕሊፋየር የነቀልኩትን ሙቀት የሚጠጣ አሉሚኒየም ይዣለሁ። በሚኒባሱ ውስጥ መሠረት ዕቃውን እስከ ሸቤ በመዳፏ እንደጨበጠች ሄደች። እኔ ሸቤ ከጅማ ይሞቃል ብዬ አስባለሁ።

ርእሰ መምህሩ ትሑት ሰው ነው፤ ቁልፎቹ በቀበቶው ላይ ይንሿሿሉ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«የኮምፒውተሩ ባለሙያ።»

«ኮምፒውተሩ የታለ?»

«ይኸው» አልኩት፣ ድሮም እንደሚያውቅ ሰው።

አገላብጦ አየው። «ይሄ ፍላሽ ነው» አለ። መሠረት ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

ሳጥኑ ፊቱ ፍርግርግ ነው፤ ሌላው ድፍን ብረት። በጎኑ ትንሽ በር አለችው፤ የምትቆለፈው እሷ ናት። በሩ ክፍት ይሁን አልኩት።

«አይሆንም አባባ። በፊት የነበረው ቴሌቪዥን ተሰርቋል። ትምህርት ላይም ቢሆን ይቆለፋል፤ ደንብ ነው።»

«እኔ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ቴሌቪዥን ተሸክሜ የምሮጥ እመስላለሁ?»

ጉልበቴን አየ። «እሺ፤ ለዛሬ ብቻ። ግን ከዚያ አይነሱም።»

አሉሚኒየሙን ከዕቃው ጋር በሽቦ አሰርኩ። ርእሰ መምህሩ ከኋላ ተቀመጠ። ትምህርቱ ስለ ልብ ነበር። ስክሪኑ ላይ የመሶብ ክዳን የሚያህል ልብ ወጣ፤ ፊደሉም መሠረት እንዳለችው ጡጫ ያክላል። ጀርባዋን ሳታጎብጥ፣ ከወንበሯ አጠገብ ቆማ አነበበች። ሱቄ በር ላይ ታፔላ የምታሸትተው ሴት አልነበረችም።

ጣቴ አሉሚኒየሙ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበር፤ ለብ አለ፤ ከዚያ ሞቀ። ክፍሉም በተማሪ ታፍኗል። ኮፊያዬን አወለቅኩና በበሩ በኩል ማራገብ ጀመርኩ።

«ቲቸር! ሰውየው ለኮምፒውተሩ እያራገቡለት ነው!» አለ አንድ ተማሪ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

«እሳቸው ሥራ ላይ ናቸው» አለች መሠረት፣ ዞር ሳትል። «እናንተ ወደ ልብ ተመለሱ።»

ተመለሱ። አራገብኩ። ክንዴ ሲዝል በግራ እጄ አራገብኩ። አንድ ጊዜ ስክሪኑ ብልጭ ያለ መስሎኝ የኔ ልብ ቆመ፤ ገጽ መቀየሯ ነው። ደወሉ ሲደወል ልቡ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ነበር።

ልጆቹ ሲወጡ ርእሰ መምህሩ ወደ እኛ መጣ። «ትምህርቱ ጥሩ ነው» አለ። «በጣም ጥሩ ነው። ነገስ ማን ያራግብላታል?»

ሳጥኑን ዞርኩት። ልብሳው ብል የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው። ከኋላው የመብራት ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ አየሁ፤ ሌላ ገመድም ያስገባል። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ዕቃውን ስናሞቀው የከረምነው ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ መለጠፍ አለበት ብለን ነው እንጂ ማንም እዚያ ይለጠፍ አላለንም።

«ይሄ ሳጥን የተሠራው ለማን ዕቃ ነው?» አልኩት።

«ለትምህርት ቤቱ።»

«ኮምፒውተሩስ የማን ነው?»

«የእሷ።»

«የእሷ ዕቃ ታዲያ ለምን ይታሰራል? ቴሌቪዥኑን ይቆልፉበት። በዚህች ቀዳዳ ረዘም ያለ ገመድ እናወጣለን፤ ኮምፒውተሩ ውጭ ንፋስ ላይ ይንጠልጠል። ስትጨርስ በኪሷ ይዛው ትሂድ።»

ቁልፎቹን እያንሿሿ አሰበ። መሠረት መነጽሯን ይዛ ቆማለች።

«ክፍሉ የእሷ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሳጥኑ ግን ይቆለፋል።»

ገመዱን ከሱቄ ፈልጌ በማግስቱ በሚኒባስ ሹፌር ላክሁላት። በሳምንቱ ቅዳሜ መጣች። አንድም ቀን አልጠፋም አለችኝ። ዕቃውን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ኮምፒውተሩ ከቴሌቪዥን ሲነቀል የት እንደሚሄድ እንደገና እንድታስረዳኝ ጠየቅኳት። በትዕግሥት፣ ለተማሪዎቿ እንደምታደርገው አስረዳችኝ። ገብቶኛል አልኳት።

ለሙያ ጓደኞቼና ለወጣቶቹ የምለው ይህ ነው። ጠረጴዛችሁ ላይ የሚሠራ፣ ባለቤቱ ቤት የሚጠፋ ዕቃ ሲያጋጥማችሁ ካቻቪቴውን አስቀምጡና የሚኖርበትን ቤት ሄዳችሁ እዩ። የቀረውን እኔም አላውቀውም።